ለመኪና መንገድ አንገቱን የሚደፋ ሐዲድ

በአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ክፍል ውስጥ «ሰበቃ የለም ብለን እናስብ» ከሚለው ሐረግ ይበልጥ የሚደጋገም ሐረግ ያለ አይመስለንም። እኛም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ለዓመታት ስንጽፈው ኖረናል። ጥያቄው ቀለል እንዲል፣ ስሌቱ እንዲያጥር፣ ተማሪውም ዋናውን ሕግ ብቻውን እንዲያየው ታስቦ የሚደረግ ነውና በራሱ ክፋት የለበትም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ግን አቀበት ስለሚወጣ ባቡር አንድ ጥያቄ አቅርበን፣ እንደ ልማዳችን ሰበቃውን ሰርዘን ወደ ስሌቱ ልንገባ ስንል፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ሰበቃ ከሌለ ባቡሩ በምን ይሄዳል?» ስትል ጠየቀችን። ክፍሉ ሳቀ። እኛ ግን ልንስቅ አልቻልንም። ያቀረብነው ጥያቄ ራሱ ስሕተት እንደ ነበረ የገባን በዚያች ቅጽበት ነበርና። ሰበቃ በሌለበት ሐዲድ ላይ የሎኮሞቲቩ ጎማ ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ባቡሩ ከቦታው ንቅንቅ አይልም።

ይህን ጽሑፍ ያስጀመረን የዚያች ተማሪ ጥያቄ ነው። ለጥያቄው ካገኘናቸው መልሶች ሁሉ የሚበልጠውን ያገኘነው ከመማሪያ መጽሐፍ አይደለም። በስዊዘርላንድ አልፕስ ተራሮች መካከል፣ ኦበርቫልድ በምትባል መንደር፣ ሐዲድና የመኪና መንገድ በአንድ ደረጃ ከሚቋረጡበት ጠባብ ስፍራ ነው።

በዚህ ማቋረጫ የሚያልፈው ባቡር የፉርካ የእንፋሎት ባቡር ይባላል። መሥመሩ ከሬአልፕ ተነሥቶ፣ የፉርካን ተራራ በዋሻ አቋርጦ፣ በግሌች በኩል ወደ ኦበርቫልድ ይወርዳል። ርዝመቱ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሬአልፕ ከባሕር ጠለል በላይ 1538 ሜትር ላይ ስትገኝ፣ የመሥመሩ ከፍተኛ ስፍራ 2160 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ኦበርቫልድ ደግሞ ወደ 1366 ሜትር ዝቅ ብላ ትገኛለች። እንግዲህ በዚህች አጭር መንገድ ባቡሩ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ወጥቶ፣ 800 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ብቻ በመሆኑ ከጠባብ ሐዲዶች ወገን ይመደባል። የሮን ወንዝ መነሻ የሆነው የበረዶ ግግር፣ ገደሉና ፏፏቴው በየመታጠፊያው ስለሚታዩ፣ ዛሬ ሰዎች በዚህ ባቡር የሚሳፈሩት አገር ለማየት ነው እንጂ ጉዳይ ለመፈጸም አይደለም።

በተለመደው የባቡር ማቋረጫ ላይ ሁለቱ የብረት ሐዲዶች ከአስፋልቱ ጋር እኩል ሆነው ይቀበሩና፣ ባቡር ሲመጣ መኪናው ይቆማል፣ ባቡር ሲያልፍ መኪናው ይሄዳል፤ በዚህ ያበቃል። በኦበርቫልድ ግን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ሦስተኛ ነገር አለ። እርሱም ጥርስ ያለው የብረት ዘንግ ነው። ባቡሩ ሊያልፍ ሲል ይህ ጥርሳም ዘንግ ከመንገዱ ወለል በላይ ብቅ ይላል፤ ባቡሩ ሲያልፍ ተመልሶ ዝቅ ይልና ለመኪናው፣ ለሞተር ብስክሌቱና ለእግረኛው ሜዳውን ይለቃል። ሌላው ሐዲድ ሁሉ በተተከለበት ቦታ ጸንቶ ሲኖር ይህ ለመኪና መንገድ አንገቱን የሚደፋ ሐዲድ ነው። በዓለም ላይ እምብዛም የማይታይ ነገር ነው።

ለምን አስፈለገ? እዚህ ላይ ነው ተማሪዋ ያነሣችው ጥያቄ የሚመጣው።

ባቡር ከሌሎች ተሽከርካሪዎች ሁሉ ቆጣቢ የሆነበት ምክንያት ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል የሚገጥመው ተቃውሞ እጅግ ትንሽ በመሆኑ ነው። በሜዳ ላይ አንድን ፉርጎ ለማንከባለል የሚያስፈልገው ጉልበት ከፉርጎው ክብደት ሁለት ሺህኛ ገደማ ብቻ ነው። የመኪና የላስቲክ ጎማ በአስፋልት ላይ ሲንከባለል ግን የዚህን አምስት እጥፍ ያህል ይጠይቃል። ይሁን እንጂ ተፈጥሮ በአንድ እጇ የሰጠችውን በሌላው ትወስዳለች። ያው ለስላሳ ብረት የመያዝ ኃይሉም ትንሽ ነው። የላስቲክ ጎማ በደረቅ አስፋልት ላይ የሰበቃ መጠኑ 0.7 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን፣ የብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ 0.2 ገደማ ነው። ጤዛ፣ ዝናብ ወይም ቅጠል ሲያርፍበት ወደ 0.1 ሊወርድ ይችላል።

ለምሳሌ ያህል 40 ቶን የሚመዝን ሎኮሞቲቭ 60 ቶን ፉርጎ ይጎትታል እንበል። በፉርካ መሥመር ላይ በየ1000 ሜትሩ 110 ሜትር ያህል የሚያስወጣ አቀበት አለ። በዚህ አቀበት ላይ ስበት መቶውን ቶን ወደ ኋላ የሚስብበት ጉልበት 107 ሺህ ኒውተን ገደማ ይሆናል። የሎኮሞቲቩ ክብደት በሙሉ በሚነዱት ጎማዎች ላይ አርፏል ብንል እንኳ፣ በ0.2 የሰበቃ መጠን ጎማዎቹ ሐዲዱን ሊይዙ የሚችሉት በ78 ሺህ ኒውተን ብቻ ነው። ሐዲዱ ከረጠበ ደግሞ በ39 ሺህ። በደረቅ ቀን አሸዋ እየተነሰነሰ 0.3 ቢደርስ ወደ 117 ሺህ ይጠጋልና በጭንቅ ይወጣ ይሆናል፤ ነገር ግን በተራራ አናት ላይ መንገደኛ ጭኖ በጭንቅ የሚሄድ ባቡርን ማን ይሳፈርበታል? ሞተሩን ማጠንከር መፍትሔ አለመሆኑን ልብ በሉ። አሥር እጥፍ ብርቱ የሆነ ሞተር ቢገጠምለት ጎማው አሥር እጥፍ ፈጥኖ ባለበት ከመሽከርከር በቀር የሚፈይደው የለም።

የ19ኛው ምዕተ ዓመት መሐንዲሶች ከዚህ ችግር የወጡበት መንገድ ከሰበቃ ጋር መታገልን ትቶ ሰበቃን ማለፍ ነበር። በሐዲዶቹ መካከል ጥርስ ያለው ዘንግ ተከሉ፤ በሎኮሞቲቩ ሆድ ሥር ደግሞ ከጥርሱ ጋር የሚገጥም ማርሽ ሰቀሉ። ከእነዚህ መሐንዲሶች አንዱ የስዊዘርላንድ ተወላጅ የሆነው ሮማን አብት (1850–1933 እ.ኤ.አ.) ነው። አብት እ.ኤ.አ. በ1882 የፈጠራ መብት ያገኘበት ዘዴ እጅግ ብልህ ነው። በአንድ ሰፊ ጥርሳም ዘንግ ፈንታ ሁለት ቀጫጭን ዘንጎችን ጎን ለጎን ያቆምና፣ የአንደኛው ጥርስ በሌላኛው ክፍተት ትይዩ እንዲውል በግማሽ እርምጃ ያዛንፋቸዋል። ጥርሶቹ በየ120 ሚሊ ሜትሩ የሚገኙ ከሆነ፣ በሁለቱ መዛነፍ ምክንያት ማርሹ በየ60 ሚሊ ሜትሩ አዲስ ጥርስ ይጨብጣል። አንዱ ሳይለቅ ሌላው ይይዛል፤ ሰው ገመድ ሲወጣ እጁን እንደሚያፈራርቀው ማለት ነው። የፉርካ መሥመር የሚጠቀመው በዚህ በአብት ዘዴ ነው። ጥርሱ የተተከለውም በመሥመሩ ሁሉ ላይ አይደለም። ሜዳ በሆነበት ስፍራ ባቡሩ በሰበቃ ይሄዳል፤ አቀበቱ ሲጀምር ጥርሱን ይነክሳል።

ችግሩ የሚመጣው ይህ ጥርስ ከመኪና መንገድ ጋር ሲገናኝ ነው። በሰበቃም በጥርስም በሚሄድ መሥመር ላይ ማርሹ ተራውን ሐዲድና የሐዲድ መቀያየሪያውን ሳይነካ ማለፍ ስላለበት ከሐዲዱ አናት በታች እንዲንጠለጠል አይደረግም። በመሆኑም ጥርሱ ወደ ማርሹ ከፍ ማለት ይኖርበታል፤ ከሐዲዱ አናት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ይወጣል። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ለከባድ መኪና ምንም አይደለም። ከመታጠፊያ ወጥቶ ለሚመጣ ሞተር ብስክሌት ግን፣ በተለይ በዝናብ ቀን፣ ሾጣጣ የብረት ጥርስ በመንገድ መካከል መቆሙ የሞት ጉዳይ ሊሆን ይችላል። የፉርካ ተራራ መንገድ ደግሞ በበጋ ወራት ብዙ ሞተር ብስክሌተኞችና ብስክሌተኞች የሚያዘወትሩት መንገድ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ «ታዲያ በማቋረጫው ላይ ጥርሱን ለጥቂት ሜትር ለምን አይቆርጡትም?» ሊል ይችላል። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ እኛም መጀመሪያ ላይ ያሰብነው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ባቡሩ ሽቅብ ብቻ ሳይሆን ቁልቁልም እንደሚሄድ እንዘነጋለን። ከግሌች እስከ ኦበርቫልድ ያለው የከፍታ ልዩነት 390 ሜትር ያህል ነው። ቅድም ያሰብነው መቶ ቶን ባቡር ይህን ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ኢነርጂ 380 ሚሊዮን ጁል ይሆናል፤ ይህም ከ1100 ሊትር በላይ ውኃ ከክፍል ሙቀት አንሥቶ ለማፍላት የሚበቃ ነው። ያ ሁሉ ሙቀት በፍሬን ሸራ ላይ ቢያርፍ ምን እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። ስለዚህም በጥርስ የሚሄዱ የስዊዘርላንድ የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ቁልቁል ሲወርዱ ሲሊንደሮቻቸውን ገልብጠው እንደ አየር መጭመቂያ ይጠቀሙባቸዋል። አየሩ ሲጨመቅ ይሞቃል፣ ውኃ እየተረጨበት ሙቀቱ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፣ ባቡሩም ይዘገያል። የዚህ ዘዴ አባት ኒክላውስ ሪገንባህ የተባለው መሐንዲስ ነው። የዚህ ሁሉ ተቃውሞ ጉልበት ወደ ምድር የሚተላለፈው ደግሞ በማርሹና በጥርሱ በኩል ነው። ጥርሱን መቁረጥ ማለት እንግዲህ ዋናውን ፍሬን መቁረጥ ማለት ነው።

ምን ያህል ያሰጋል? አንድ ባቡር እጅግ በጠናው ቁልቁለት ላይ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር እየወረደ ሳለ አሥር ሜትር ጥርስ የሌለበት ስፍራ ቢገጥመውና ሌላ ፍሬን ባይኖረው፣ ከወዲያኛው ጫፍ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር አልፏል። ይህም የሚሆነው ሁለት ሴኮንድ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያ ፍጥነት የሚሽከረከረው ማርሽ ከቆመው ጥርስ ጋር እንደገና መግጠም አለበት፤ ጥርስ በክፍተት ፈንታ በጥርስ ላይ ቢያርፍስ? እርግጥ ነው፣ ወደ ጥርሱ መግቢያ ላይ ይህን ለማለዘብ በስፕሪንግ የተደገፉ ልዩ መግቢያዎች ይሠራሉ፤ ባቡሩም ሌላ ፍሬን አለው። ይሁን እንጂ አንድን አደጋ ከመንገዱ ላይ አንሥቶ በሐዲዱ ላይ ማስቀመጥ መፍትሔ ሊባል አይችልም። መንገዱን በመሐሉ አጉብጦ ጥርሱን መቅበርም ይቻል ነበር፤ ያኔ ግን በፍጥነት ለሚመጣ ሞተር ብስክሌት ጉብታው ከጥርሱ የተሻለ ወዳጅ አይሆነውም።

ስለዚህ ጥርሱ ዝቅና ከፍ እንዲል ተደረገ። ነገሩን ስንሰማው ቀላል ይመስላል፤ ብረት ማንሣትና ማውረድ ምን ያቅታል? ከባዱ ነገር ግን ማንሣቱ ሳይሆን መነሣቱን ማወቁ ነው። ጥርሱ በሙሉ ካልተነሣ፣ ወይም ተነሥቶ ካልተቆለፈ፣ ወይም አንድ ጠጠር ገብቶበት በጣት ስፋት ከቀረ፣ ከላይ የሚወርደው ባቡር ይህን አያውቅም። በመሆኑም እንዲህ ባለ ስፍራ ባቡሩ «እለፍ» የሚለውን ምልክት ማየት ያለበት ጥርሱ በቦታው መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ነው። ማረጋገጫው ራሱ ቢበላሽ ደግሞ ምልክቱ «ቁም» በሚለው ላይ መቅረት አለበት። ይህ በባቡር ሥራ ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሕግ ነው፤ ማንኛውም ብልሽት ወደ ደኅና ወገን እንዲያደላ ማድረግ። ተማሪዎቻችን የኤሌክትሮኒክስ ፕሮጀክት ሲሠሩ ዘወትር የምንጠይቃቸው «ሽቦው ቢበጠስ መሣሪያህ ምን ይላል?» የሚለው ጥያቄ ከዚሁ የመጣ ነው።

በዚህች ማቋረጫ ላይ፣ በጥቂት ካሬ ሜትር ውስጥ፣ ምድርን መያዣ ሦስት ዘዴዎች ይገናኛሉ፤ ላስቲክ በአስፋልት፣ ብረት በብረት፣ ጥርስ በጥርስ። የመጀመሪያው በሰበቃ ይመካል፤ ሁለተኛው ሰበቃን ይቆጥባል፤ ሦስተኛው ሰበቃን አይጠይቅም። በአንድ ሴሚስተር ስለ ሰበቃ ከምናስተምረው ይልቅ ይህን ስፍራ ለአንድ ሰዓት ቆሞ የተመለከተ ተማሪ የበለጠ ይገባዋል ብንል የተጋነነ አይመስለንም።

ነገር ግን ጽሑፋችን ስለ ሰበቃ ብቻ አይደለም። ከማቋረጫው አሠራር ይልቅ የደነቀን በምን ሁኔታ እንደ ተሠራ ነው።

ይህ መሥመር የሞተ መሥመር ነበር። ከብሪግ እስከ ግሌች ያለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ1914 ተከፈተ፤ የአንደኛው የዓለም ጦርነትና የገንዘብ እጦት ሥራውን አዘግይተውት እስከ ዲሴንቲስ ድረስ ሙሉ የሆነው በ1926 ነው። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ክረምት በመጣ ቁጥር በበረዶ ምክንያት ይዘጋ ነበር። የበረዶ ናዳ በሚያዘወትረው በሽቴፈንባህ ሸለቆ ላይ በ1925 የተሠራው ድልድይ የሚታጠፍ ነው፤ በየመጸው ታጥፎ ይሰበሰባል፣ በየጸደዩ ተመልሶ ይዘረጋል። (ሐዲዱ ለመኪና ከመስገዱ በፊት ለናዳ መስገድን ለምዶ ነበር ማለት ነው።) እ.ኤ.አ. በ1982 በተራራው ሥር 15.4 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ዋሻ ሲከፈት፣ ባቡር ዓመቱን ሙሉ በዚያ ማለፍ ቻለ፤ የላይኛው መሥመርም አገልግሎቱ አበቃ። ሐዲዱ ተነቅሎ ለብረት አቅላጭ ሊሸጥ የሚችል ንብረት ሆነ።

ያልተሸጠው በ1983 የተቋቋመ አንድ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ስለ ተነሣለት ነው። ከስዊዘርላንድ ሌላ ከጀርመንና ከኔዘርላንድ ሳይቀር የመጡ ሰዎች የዕረፍት ጊዜያቸውን እየሠዉ ሐዲድ ጠገኑ፣ ድንጋይ ጠረቡ፣ ቦይለር አደሱ። በ1992 የመጀመሪያው ክፍል ለመንገደኛ ተከፈተ፤ በ2000 ባቡሩ ግሌች ደረሰ፤ በ2010 ደግሞ ኦበርቫልድ። ሎኮሞቲቮቹም ቢሆኑ ታሪካቸው ያስገርማል። በ1913 ገደማ በቪንተርቱር የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ለዚሁ መሥመር ከተሠሩት አንዳንዶቹ፣ መሥመሩ በኤሌክትሪክ መሄድ ከጀመረ በኋላ በ1947 ወደ ቬትናም ተሽጠው በዳላት ተራራማ መሥመር ላይ አገልግለው ነበር። በጦርነቱ ዘመን ያ መሥመር ቆሞ ለዓመታት ዝገው ከኖሩበት ስፍራ በ1990 ተፈልገው ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ቅርስ ጠባቂዎች ናቸው። ቅርስ ጠባቂ ደግሞ ነገሩ እንደ ጥንቱ እንዲቆይለት ይፈልጋል። ኦበርቫልድ ሲደርሱ ግን «የእኛ ባቡር ታሪካዊ ነውና መኪናው ይጠንቀቅ» የሚል ክርክር ብቻውን የሚያዋጣ አልነበረም። መንገዱ የሕዝብ ነው፤ ባቡሩ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ያውም ከጁን መጨረሻ እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ገደማ ብቻ የሚመጣ እንግዳ ነው። ሸክሙን መሸከም ያለበት አልፎ አልፎ የሚመጣው ወገን እንጂ በየደቂቃው የሚያልፈው አይደለም። ስለዚህ የመቶ ዓመት ሎኮሞቲቭ በነበረበት እንዲኖር፣ ቀድሞ ያልነበረ መሣሪያ መፈልሰፍ ነበረባቸው። አሮጌውን ለማቆየት አዲስ ፊዚክስና አዲስ መሐንዲስነት አስፈለገ። የእኛም አስተያየት የሚነሣው ከዚህ ነው፤ ቅርስን መጠበቅ የታሪክና የሥነ ጥበብ ሰዎች ሥራ ብቻ ነው የሚለው በእኛም አገር የተለመደ አስተሳሰብ ስሕተት ነው እንላለን።

የፉርካ ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር ነው ብለናል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ የነበረው የቀድሞው የምድር ባቡራችን ስፋትም በትክክል ያው ነበር። ያ መሥመር 784 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ከ2300 ሜትር በላይ ወጥቶ ነበር። ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፤ ለገሃር የቆመው ባቡር የፉርካ ባቡር በተራራው አናት ላይ ከሚደርስበት ስፍራ ይበልጥ ከፍ ብሎ ቆሟል። ሆኖም የእኛ ባቡር ጥርስ አላስፈለገውም። 2300 ሜትሩን ለ784 ኪሎ ሜትር ብናካፍለው በኪሎ ሜትር 3 ሜትር ገደማ ይደርሰዋል። ይህ አማካይ ነው፤ በየቦታው ከዚህ እጅግ የጠና አቀበት ነበረበት። ቢሆንም መሐንዲሶቹ ከፍታውን ያሸነፉት በርዝመት ነበር። የፉርካዎቹ ርዝመት ስላልነበራቸው በጥርስ አሸነፉት። አንድ ዓይነት ችግር፣ አንድ ዓይነት የሐዲድ ስፋት፣ ሁለት የተለያዩ መልሶች፤ ከዚህ የተሻለ የክፍል ምሳሌ ከወዴት ይገኛል? እኛ ግን ለተማሪዎቻችን «ሀ» የሚባል ግዑዝ አካል «ለ» በሚባል ተዳፋት ላይ አስቀምጠን፣ ሰበቃውንም ሰርዘን እንሰጣቸዋለን።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2016 እ.ኤ.አ. ከተመረቀ ወዲህ የአሮጌው መሥመር ነገር የሚነሣው በትዝታ ብቻ ሆኗል። በድሬዳዋ የባቡር ግቢ ያሉትን አሮጌ ሎኮሞቲቮችና የወርክሾፕ መሣሪያዎች ለማየት የሚሄደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፎቶግራፍ ለመነሣት ነው። ፎቶግራፉን አንቃወምም። የሚያሳስበን ሌላ ነው። አንድ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደሚያዝ፣ በረጠበ ሐዲድ ላይ አሸዋ መቼና ምን ያህል እንደሚነሰነስ፣ የጎማው መንሸራተት በድምፅ እንዴት እንደሚለይ በእጃቸውና በጆሮአቸው የሚያውቁ ሰዎች በዕድሜ እየገፉ ነው። ይህ እውቀት በአብዛኛው በወረቀት ላይ የለም። ብረቱ ቢዘነጋም በቦታው ይቆያል፤ እውቀቱ ግን ከባለቤቱ ጋር ይሄዳል።

የሚቃወሙን እንደሚኖሩ እናውቃለን። አንድ የሥራ ባልደረባችን ይህን ሐሳብ ሲሰማ፣ «ስዊዞች ጠግበው የሚጫወቱበትን ባቡር ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎናል። ግማሹ እውነት ነው። በሀብታም አገር የዕረፍት ቀን አለ፣ ከዕረፍት ቀን የተረፈ ገንዘብም አለ፤ እኛ የእንፋሎት ባቡር አስነሥተን ጎብኚ የምናመላልስበት ጊዜ ዛሬ አይደለም፤ ከዚያ የሚቀድሙ ብዙ ነገሮች አሉ። ይሁን እንጂ እኛ የምንጠይቀው ባቡር አይደለም። የምንጠይቀው ሜትር፣ የሰዓት መቁጠሪያና ደብተር ነው። ይህ ደግሞ በማንኛውም የሳይንስ ፋኩልቲ አቅም ውስጥ ያለ ነገር ነው።

ለምሳሌ በየዓመቱ ከሦስተኛ ዓመት የፊዚክስ ተማሪዎች መካከል ጥቂቶች ለሁለት ሳምንት ድሬዳዋ ቢሄዱ። የአንዱን ሎኮሞቲቭ የሚነዱ ጎማዎች ዲያሜትር፣ የሲሊንደሩን ስፋትና የፒስተኑን ምት ቢለኩ፤ ከእነዚህና ከቦይለሩ ግፊት የመጎተት ጉልበቱን ቢያሰሉ፤ በሚነዱት ጎማዎች ላይ ከሚያርፈው ክብደት ጋር ቢያነጻጽሩትና የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ፣ እንፋሎቱ ወይስ ሰበቃው፣ ቢያውቁ። ከዚያም በጡረታ ላይ ካሉት የባቡር ነጂዎችና መካኒኮች ዘንድ ሄደው ያገኙትን ቁጥር ቢያሳዩአቸውና፣ «አባባ፣ በዝናብ ቀን ስንት ፉርጎ ትቀንሱ ነበር?» ብለው ቢጠይቁ። የሽማግሌው መልስ ከስሌቱ ጋር ከተስማማ መልካም ነው፤ ካልተስማማ ግን ይበልጥ መልካም ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ያላየው ነገር አለና።

ያች ተማሪ ትምህርቷን ጨርሳ ሄዳለች። ጥያቄዋ ግን በማስተማሪያ ማስታወሻችን ላይ አለ፤ አቀበት የሚወጣው ባቡር የነበረበትን ገጽ ቀድደን በቦታው የኦበርቫልድን ማቋረጫ አስገብተናል። በዚህ ዓመት የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ ይህ ነው፤ ባቡሩ መቶ ቶን ነው፣ ሐዲዱ ረጥቧል፣ ጥርሱ ዝቅ ብሏል፣ ነጂው ምልክቱን ከማየቱ በፊት ለማቆም ስንት ሜትር ያስፈልገዋል? ሰበቃው አልተሰረዘም።